ደረሰኙ «ቆጠብሽ» ይላል፤ ገንዘቡ ግን የት አለ?

ጥያቄ፦ «ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የቤቱን አስቤዛ የምሸምተው እኔ ነኝ። ቦርሳዬ ውስጥ የአራት ሱፐርማርኬቶች የደንበኝነት ካርድ አለ፤ ቅናሽ የት እንዳለ አጣርቼ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞርኩ እገዛለሁ። በእያንዳንዱ ደረሰኝ ግርጌ ‹ዛሬ ይህን ያህል ቆጥበዋል› የሚል ጽሑፍ አለ። ደረሰኞቹን ሁሉ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ባለፈው ሳምንት የዓመቱን ቁጠባ ደምሬ ለባለቤቴ በኩራት ባሳየው ሳቀና ‹ታዲያ ገንዘቡ የት አለ?› አለኝ። እሱ ካርድ የሚባል ነገር አይወድም። ‹ዋጋ ጨምረው ነው የሚቀንሱልሽ፤ በዚያ ላይ ቤታችን ምን እንደሚበላ ይሰልሉናል› ይላል። አንዳንድ ቀን ካርድ ወደሌለው መደብር ሄዶ ራሱ ይገዛል፤ እኔ ግን የሚያመጣው ዕቃ ርካሽ መሆኑን አላምንም። ከዚህም ሌላ እናቴ ስማርት ስልክ ስለሌላቸው፣ ቅናሹ በስልክ ብቻ በሚገኝበት መደብር ሙሉውን ዋጋ ይከፍላሉ፤ ይህ ያናድደኛል። ከሁለታችን ትክክሉ ማን ነው? ዋጋን በትክክል ማወዳደርስ የሚቻለው እንዴት ነው? — ባለ አራት ካርዷ»

መልስ፦

እህቴ፣ ባለቤትሽ መሳቁ ደስ አላለኝም። ዓመቱን ሙሉ ለቤት ሲባል የተደከመበት ነገር በሳቅ አይመለስም። ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ እሱ ነበር። ገንዘቡ የት አለ?

የትም የለም። መደብሩ ለአንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ ይጽፋል፤ አንዱ ካርድ ለሌለው፣ ሌላው ካርድ ላለው። አንቺ ሁለተኛውን ትከፍያለሽ፤ እሱም በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እየደመረ «ቆጠብሽ» ይልሻል። ሁለቱንም ዋጋ ያወጣው ግን ራሱ ነው። እኔ ይህችን እስክሪብቶ «ዋጋዋ 500 ነው» ብዬ ለአንቺ በ50 ብሸጥልሽ፣ ደረሰኝ ላይ 450 እንደቆጠብሽ ልጽፍልሽ እችላለሁ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ያችኑ እስክሪብቶ በ40 የሚሸጥ ከሆነ ግን 10 ከስረሻል። (የየትኛውም አገር ገንዘብ ይሁን፤ ለሒሳባችን ቁጥሩ ይበቃናል።)

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ቅር ቢያሰኝሽም እነግርሻለሁ፦ ያን የዓመት ድምር ጣይው። ድምሩን ነው ያልኩት፤ ደረሰኞቹን እንዳትነኪ። ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ጥርጣሬ። «ዋጋ ጨምረው ነው የሚቀንሱት» የሚለው እሱ ብቻ አይደለም። የብሪታንያ የውድድርና የገበያዎች ባለሥልጣን የካርድ ቅናሽን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2024 ውጤቱን ሲያወጣ፣ አስተያየታቸውን ከተጠየቁት ሸማቾች ከግማሽ የሚበልጡት እንደ እሱ ያስቡ ነበር። ባለሥልጣኑ ግን በካርድ ቅናሽ የቀረቡ ወደ 50,000 የሚጠጉ የምግብና የቤት ዕቃዎችን ዋጋ አገላብጦ፣ 92 በመቶ በሚሆኑት ላይ ቅናሹ ከተለመደው ዋጋ አንጻር እውነተኛ ሆኖ አገኘው። በተመረመሩት አምስት ሱፐርማርኬቶች፣ የካርድ ቅናሽ የወጣበትን ዕቃ በካርዱ የገዛ ሰው በአማካይ ከ17 እስከ 25 በመቶ ያነሰ ይከፍል ነበር። ይህንን አንቀጽ ለባለቤትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢለት።

የሚቀጥለውን ግን ለራስሽ አንብቢው። ይኸው ባለሥልጣን፣ የካርድ ዋጋ ሁልጊዜ ከሁሉም ያነሰው ዋጋ እንዳልሆነና ዞሮ ማየት እንደሚጠቅምም ተናግሯል። እንግዲህ ቅናሹ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ዕቃው ግን አሁንም ውድ ሊሆን ይችላል። አንቺ «ቅናሽ አገኘሁ» ስትዪ ባለቤትሽ «ርካሽ አይደለም» እያለ ይመልስልሻል፤ ሁለታችሁም ልክ ሆናችሁ ስትጣሉ ከርማችኋል።

ደግሞም ነገሩ በሁሉም ቦታ እንዲህ ንጹሕ አይደለም። በጀርመን አንድ ሱፐርማርኬት ሙዝ በ1.29 ዩሮ ሲያስተዋውቅ፣ ከጎኑ 1.69 የሚል የተሰረዘ ዋጋና «23 በመቶ ቅናሽ» የሚል ጽሑፍ አስቀመጠ። ዝቅ ብሎ ደግሞ ባለፉት 30 ቀናት የሙዙ ዝቅተኛ ዋጋ 1.29 እንደነበር ተጽፏል። ይኸውም ሙዙ በዚያው ወር ውስጥ በዚያው ዋጋ ተሸጦ ነበር ማለት ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! የሸማቾች ማኅበር ከሰሰ፤ ጉዳዩ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2024 በመቶኛ የሚታወጅ ቅናሽ መሰላት ያለበት ካለፉት 30 ቀናት ዝቅተኛ ዋጋ ላይ ተነሥቶ እንደሆነ ወሰነ። በዚህ ስሌት የሙዙ ቅናሽ ስንት ነበር ቢባል፣ ዜሮ። በዚያው ዓመት የአውስትራሊያ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን የአገሪቱን ሁለት ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ከስሷል። ክሱ የሚለው፣ የብዙ ዕቃዎችን ዋጋ ለአጭር ጊዜ ቢያንስ በ15 በመቶ ከፍ አደረጉ፤ ከዚያም ከፍ ካለው ዋጋ ላይ ጥቂት ቀንሰው፣ ከቀድሞው ዋጋ ጋር እኩል ወይም ከእሱ የሚበልጥ ዋጋ «ቅናሽ» ብለው ለጠፉ ነው። ባለቤትሽ በሕልሙ ያየው አይደለም።

እንግዲህ የተሰረዘው ቁጥር መለኪያ አይሆንሽም። መለኪያሽ አንቺ ራስሽ ባለፈው ወርና ከዚያ በፊት በነበረው ወር የከፈልሽው ዋጋ ነው። ይህን ደግሞ ማንም በቃሉ አይዘውም፤ እይዛለሁ የሚል ሰው ራሱን ያታልላል። ማስታወሻ ደብተር ያስፈልግሻል።

ደብተሩ ላይ 20 ዕቃ ብቻ ጻፊ። መቶ ዕቃ የሚከታተል ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይሰለቸዋል። ሃያዎቹ በየወሩ ሳይገዙ የማይታለፉት ይሁኑ፦ ሩዝ፣ ዘይት፣ ዱቄት፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ የመሳሰሉት። ከእያንዳንዱ ጎን በወር ምን ያህል እንደምትጠቀሚ ጻፊ። ይህችን ቁጥር ብዙ ሰው ይዘላታል፤ የማወዳደሩ ነፍስ ግን እሷ ናት። ለምን እንደሆነ ላሳይሽ።

ብስኩት በካርድሽ 30 በመቶ ቀነሰልሽ እንበል፤ 60 የነበረው 42 ሆነ። በወር የምትገዢው አንድ ጥቅል ነው፤ ተረፈሽ 18። በሌላ በኩል ባለቤትሽ የሚሄድበት ካርድ የለሹ መደብር ሩዝ በኪሎ በ6 ይረክሳል። ስድስት ምንም አትመስልም፤ ቀይ ምልክት አልተለጠፈባትም፤ ማንም «ቆጠቡ» ብሎ አልጻፈላትም። ቤታችሁ ግን በወር 10 ኪሎ ሩዝ ይበላል። ስለዚህ 60። ሠላሳ በመቶ ብሎ የጮኸው ቅናሽ ዝም ካለው የዋጋ ልዩነት ሲሶውን እንኳ አላከለም። መደብርን በቅናሹ ብዛት ከመዘንሽው ሁልጊዜ ብስኩቱ ያሸንፋል።

እዚህ ላይ የንግዱ ሰዎች የሚያውቁትን አንድ ነገር ልንገርሽ። ሸማች ዋጋቸውን የሚያስታውሳቸው ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ስኳር የመሳሰሉት። አንድ መደብር ውድ ነው ወይስ ርካሽ የሚለውን ስም የሚያወጡለት እነዚህ ስለሆኑ፣ ነጋዴው ዋጋቸውን ሆን ብሎ ዝቅ አድርጎ ይይዛል፤ አንዳንዴም በኪሳራ ይሸጣል። ትርፉን የሚያገኘው ማንም በቃሉ ከማይዘው ነገር ነው፤ ከቅመማ ቅመሙ፣ ከሰላጣ ማጣፈጫው፣ ከታሸገው መክሰስ፣ ከጽዳት ዕቃው። «እዚያ እኮ ወተት ርካሽ ነው» ብሎ ሙሉ አስቤዛውን እዚያ የሚሸምት ሰው፣ ነጋዴው ያሰበለትን በትክክል ፈጸመለት። ስለዚህ ከሃያዎቹ ዕቃዎችሽ መካከል ቢያንስ ስድስት ሰባቱ ዋጋቸውን የማታስታውሻቸው ይሁኑ።

ቀጥሎ የኪሎ ዋጋ። የማሸጊያው ዋጋ ምንም አይነግርሽም። 750 ሚሊ ሊትር ዘይት በካርድ 180 ቢሆን፣ ከጎኑ ያለው አንድ ሊትር ያለ ምንም ቅናሽ 230 ቢሆን፣ እጅሽ ወደ 180ው ይሄዳል። አስሊው፤ የመጀመሪያው በሊትር 240 ነው። የአውሮፓ ኅብረት መደብሮች የኪሎና የሊትር ዋጋን እንዲጽፉ የሚያዝ መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ አውስትራሊያም ከ2009 ጀምሮ ትልልቅ የምግብ መደብሮችን የሚያስገድድ ደንብ አላት። ስለዚህ በብዙ ቦታ መደርደሪያው ላይ ከዋናው ዋጋ በታች፣ በደቃቅ ፊደል ታገኚዋለሽ። መነጽር ያስፈልግሽ ይሆናል። ደቃቅ የሆነው በአጋጣሚ ነው ብዬ ለማመን ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ።

ግን ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛው፣ ለአንዱ ዕቃ በ100 ግራም፣ ለሌላው በኪሎ፣ ለሦስተኛው በፍሬ ሊጻፍ ይችላል፤ ሁሉንም ወደ አንድ መለኪያ ሳትመልሺ አታወዳድሪ። ሁለተኛው ለባለ ካርድ ሰው የከፋ ነው፤ አንዳንድ መደብር የካርዱን ዋጋ በትልቁ ይጽፍና የኪሎ ዋጋውን ካርድ በሌለው ዋጋ አስልቶ ይተወዋል። እንዲህ ሲሆን በስልክሽ ማስሊያ ራስሽ አካፍዪ። የታሸገ ባቄላና ዓሣ ላይ ደግሞ፣ ውኃው ወይም ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ ያለው ክብደት ለብቻው ከተጻፈ በእሱ አስሊ፤ ውኃ በኪሎ የምትገዢበት ምክንያት የለም።

ማሸጊያ ሲያንስም የሚነግርሽ የኪሎ ዋጋው ብቻ ነው። 500 ግራም የነበረው ቡና በዚያው በ90 ዋጋው 450 ግራም ሲሆን፣ ዓይንሽ ያየው ዋጋ አልተነቃነቀም፤ የኪሎው ዋጋ ግን ከ180 ወደ 200 ወጥቷል፤ 11 በመቶ ጭማሪ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ትልልቅ መደብሮች እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ በሚሸጡበት ቦታ አጠገብ ለሁለት ወር ማስታወቂያ እንዲለጥፉ አስገድዳለች። ይህ በሌለበት አገር ማስታወቂያ ለጣፊው ደብተርሽ ነው።

ባለቤትሽ የሚያመጣው ዕቃ ርካሽ አይመስለኝም ላልሽው፣ በደብዳቤሽ ውስጥ ያልጻፍሽው ነገር ያለ መሰለኝ። ርካሽ መሆኑን ነው የምትጠራጠሪው ወይስ ጥሩ መሆኑን? ካርድ የሌላቸው መደብሮች ብዙ ጊዜ የሚሸጡት በራሳቸው ስም የታሸገ ዕቃ ነው፤ አንቺ ደግሞ የታወቀ ስም ያለውን ትገዢ ይሆናል። ታዋቂውን ከታዋቂው፣ የመደብሩን ከመደብሩ ጋር አስተያዪ፤ አለዚያ ዋጋ ሳይሆን ስም ነው የምታወዳድሩት። ጣዕሙ ይለያል የምትዪ ከሆነም ቀላል ፈተና አለ፤ ሁለቱን ስም በሌለው ሳህን ላይ አድርጊና ለሦስቱ ልጆችሽ አቅርቢ። ልጆች በማሸጊያ ካልተታለሉ የማይዋሹ ዳኞች ናቸው። እኔ በራሴ ቤት ይህን ሞክሬ፣ ለዓመታት ስሟገትለት የኖርኩት የቲማቲም ድልህ ተሸንፎ አፍሬያለሁ።

ከዚህ በኋላ ከባለቤትሽ ጋር ተወራረዱ። የምሬን ነው። ለአራት ሳምንት የሃያውን ዕቃ ዋጋ አንቺ በካርድ መደብሮችሽ፣ እሱ በእሱ መደብር ይመዝግብ፤ እያንዳንዱን በወር በምትጠቀሙት መጠን አባዙና ደምሩ። የአንቺ ዋጋ ላይ የካርዱ ቅናሽ ገብቶ ይቆጠር፤ ይህ መብትሽ ነው፤ «ያለ ካርድ ብቻ እናወዳድር» ቢል እሺ አትበዪው። በእሱም በኩል ዕቃው ያልተገኘበት ቀን ይቆጠር። የሁለታችሁም የመጓጓዣ ወጪ ይደመር። አራት መደብር የምትዞሪበት ትራንስፖርት ወይም ነዳጅ ደረሰኝ ላይ አይወጣም፤ ቆርቆሮውም ውስጥ የለም። ጊዜሽንም አስቢው፤ በገንዘብ ተምኚው አልልም፤ ግን ቅዳሜሽን ሙሉ ለ40 ቅናሽ ከሰጠሽ፣ ቅዳሜሽ ስንት እንደተሸጠች ማወቁ አይከፋም። የተሸነፈው ወር ሙሉ ዘንቢል ይሸከም።

ግምቴን ከጠየቅሽኝ፣ ሁለታችሁም በሙሉ አታሸንፉም። ለየት ያለ ዕቃና የሚቆዩ ነገሮች በአንቺ ካርድ፣ የየዕለቱ መሠረታዊ ነገር በእሱ መደብር ርካሽ ሆኖ ቢወጣ አይገርመኝም። ቅናሽ የሚመላለስ ነገር ስለሆነ፣ ደብተርሽን ለጥቂት ወራት ከያዝሽ የትኛው ዕቃ በየስንት ሳምንቱ ቅናሽ እንደሚመጣበት ይገለጥልሻል። የልብስ ሳሙና በየስድስት ሳምንቱ የሚቀንስ ከሆነ የስድስት ሳምንቱን ትገዢና ሙሉ ዋጋውን ዳግም አትከፍይም። ካርድ ከምር የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ለሚቆይ ነገር ብቻ ግን። ደግሞም በልክ። እኔ አንድ ጊዜ ኮምጣጤ በግማሽ ዋጋ አገኘሁ ብዬ 12 ጠርሙስ ገዛሁ። በቤታችን አንድ ጠርሙስ ስምንት ወር ይቆያል። ሒሳቡን ለአንቺ ትቻለሁ፤ እንግዶቼ ግን ሲወጡ ምን ይዘው እንደሚሄዱ ያውቃሉ።

ካርዱ በግዢሽ ልክ ስለሚሰጥሽ ነጥብ ብዙ አልልም፤ ብዙ የሚባልለትም አይደለም። ነጥብሽ ወደ ገንዘብ ሲለወጥ ከወጪሽ ስንት በመቶ እንደሚመለስ አስሊ። ለእያንዳንዱ 1 ወጪ አንድ ነጥብ፣ 100 ነጥብ ደግሞ 1 የሚመልስ ከሆነ፣ መቶ አውጥተሽ አንድ አገኘሽ፤ አንድ በመቶ ነው። ያ መደብር በአስቤዛሽ ላይ ከሌላው በሦስት በመቶ የሚወደድ ከሆነ ነጥቡን በሦስት እጥፍ ዋጋ እየገዛሽው ነው። የሚያበቃበትን ቀንም እዪ። «1,000 ለደረሰ 50 ቅናሽ» የሚለው ደግሞ የተለመደ ማጥመጃ ነው፤ ጋሪሽ 820 ላይ ቆሞ ሳለ 50ዋን ለማግኘት የማትፈልጊውን የ180 ዕቃ ከጨመርሽ፣ 130 ከኪስሽ ወጣ። ወደ መደርደሪያው አትመለሺ፤ ሒሳብሽን ክፈይና ውጪ።

ስትወጪም ደረሰኙን በሩ ላይ ሳይሆን ገንዘብ ተቀባዩ ፊት አንብቢው። መደርደሪያው ላይ የካርድ ዋጋ ተለጥፎ፣ ማሽኑ ሙሉውን ዋጋ ሲያስከፍል በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ፤ በአንድ መደብር በአንድ ወር ሦስት ጊዜ። ሠራተኛዋ በትሕትና አስተካከለችልኝ። ከኋላዬ ተሰልፈው ሳያዩ የከፈሉትን ማን እንዳስተካከለላቸው አላውቅም።

«ይሰልሉናል» የሚለው የባለቤትሽ ቃል ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ፈጠራ አይደለም። ካርዱ ለመደብሩ የሚጠቅመው አንቺን በመመለሱ ብቻ ሳይሆን፣ ማን ምን ከምን ጋር መቼ እንደሚገዛ ስለሚነግረው ነው። የብሪታንያው ሱፐርማርኬት ቴስኮ ክለብካርድ የተባለውን ካርዱን በመላ አገሪቱ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ከዚያ በፊት በተደረገው ሙከራ የደንበኞቹን መረጃ የተነተኑት ክላይቭ ሃምቢና ኤድዊና ደን የተባሉ ሰዎች ናቸው፤ እንዳጋጣሚ ባልና ሚስት ናቸው። ውጤቱን ለቦርዱ ሲያቀርቡ፣ ሊቀ መንበሩ ኢያን ማክሎሪን እሱ በ30 ዓመት ካወቀው የበለጠ እነሱ በሦስት ወር ስለ ደንበኞቹ ማወቃቸው እንደሚያስፈራው ተናገረ ይባላል። መደብሩን ያስፈራው ነገር ባለቤትሽን ቢያስፈራው አትፍረጂበት።

ግን መፍትሔው ካርዱን መቁረጥ ብቻ አይደለም። የምዝገባው ቅጽ ላይ የግድ የተባለውን ብቻ ሙሊ፤ የልጆችሽን ዕድሜና የልደት ቀን መጻፍ ብዙ ጊዜ ግድ አይደለም። ማስታወቂያ እንዲልኩልሽና መረጃሽን ለሌላ ድርጅት እንዲሰጡ የሚጠይቀውን ሣጥን ባዶ ተዪው። ማንም እንዲያውቅብሽ የማትፈልጊውን ነገር፣ ለምሳሌ መድኃኒት ነክ ዕቃ፣ ያለ ካርድ ግዢ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ማንም ሰው ስለ እሱ የተያዘውን መረጃ ጠይቆ የማየት መብት አለው፤ ተመሳሳይ ሕግ ባለበት ቦታ ባለቤትሽ ይጠይቅ። የሚላክለት ዝርዝር ከአንቺ ደብተር የበለጠ ቢሆን አልገረምም። በስልክ የሚላክልሽን «ለእርስዎ ብቻ» የተባለ የቅናሽ ኩፖን ደግሞ እንደ ውለታ አትቁጠሪው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው እስካሁን ወዳልገዛሽው ነገር ሊወስድሽ ነው።

ስለ እናትሽ የጻፍሽው የደብዳቤሽ አጭሩ ክፍል ነበር፤ እኔን ግን የነካኝ እሱ ነው። ያንኑ ወተት፣ ከዚያው መደርደሪያ፣ በዚያው ሰዓት አንሥተው፣ ስልካቸው አሮጌ ስለሆነ ብቻ የበለጠ ይከፍላሉ። መደብሩ ይህን ቅናሽ ይለዋል፤ ከእሳቸው ወገን ሆኖ ሲታይ ግን ጭማሪ ነው። መናደድሽ አግባብ ነው። ሆኖም ከመናደድ ጎን ለጎን የሚደረግ አለ። ብዙ መደብሮች ካልተጠየቁ አይናገሩም እንጂ የፕላስቲክ ካርድ ወይም በወረቀት ላይ የታተመ ቁጥር ይሰጣሉ፤ አንዳንዶቹ ለአንድ ቤተሰብ በአንድ አካውንት ሁለት ካርድ ያወጣሉ። ሂጂና በእሳቸው ፊት ጠይቂላቸው። የለም ካሉሽ ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ አቅርቢ፤ የአረጋውያን ደንበኞች ቅሬታ በጽሑፍ ሲመጣ ቶሎ ይሰማል። እምቢ ካሉም የእናትሽን ሃያ ዕቃ በአንቺ ካርድ ገዝተሽ አድርሺላቸው። ከአራቱ ዙር አንዱን ለዚህ ብታውዪው ከኩፖኑ ሁሉ ይሻላል።

ከአራቱ ካርዶችሽ ሁለቱን ብቻ ያዢ። የትኞቹን እንደሆነ ውርርዱ ይነግራችኋል፤ እኔ ከዚህ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም።

አሁን ወደ ቆርቆሮው። ዓመት ሙሉ ያጠራቀምሽው ለግርጌው ቁጥር ብለሽ ነበር። ከግርጌው በላይ ያለውን ግን አላየሽውም፦ የገዛሽው ዕቃ፣ ክብደቱ፣ የከፈልሽው ዋጋና ቀኑ፤ አሥራ ሁለት ወር ሙሉ። እኔ ከባዶ ጀምሪ እያልኩ የምመክርሽ ደብተር ግማሹ ተጽፎ ቤትሽ ተቀምጧል። ባለቤትሽን ጥሪውና ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፉት። የሩዙን፣ የዘይቱን፣ የሳሙናውን መጀመሪያና መጨረሻ ደረሰኝ ፈልጉ፤ አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ይጻፍ። ዋጋው መቼ ወጣ? ከቅናሹ በፊት በነበረው ወር ስንት ነበር? የእሱ «ጨምረው ነው የሚቀንሱት» የሚለው በቤታችሁ አስቤዛ ላይ እውነት ይሁን አይሁን፣ ከብሪታንያም ከጀርመንም ሳይሆን ከዚያ ቆርቆሮ ይወጣል።

ብቻ አትዘግዪ። የሱፐርማርኬት ደረሰኝ በአብዛኛው የሚታተመው ሙቀት በሚያጠቁረው ወረቀት ላይ ስለሆነ ጽሑፉ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ የጥንቶቹ እስካሁን ነጥተው ሊሆን ይችላል። ከአሮጌዎቹ ጀምሩ። ዘንቢል ተሸካሚው ማን እንደሆነም ጻፊልኝ።